አሚን ያልንበት ጉባኤ

ባለፈው ሳምንት መታወቂያዬን ላሳድስ ሄጄ የማህተም ቀለም አውራ ጣቴ ላይ ቀረ። ወይን ጠጅ ነው። በሳሙና አሸሁት፣ በአመድ አሸሁት፣ አልለቅ አለ። ወደ ሱቄ ስመለስ መንገድ ላይ ሰው አየኝ አላየኝ እያልኩ ጣቴን ደጋግሜ አሸተትኩት። ሽታው የስፌት መኪና ዘይትን ይመስላል፣ ትንሽ ኮምጠጥ ይላል። ሌላ ሰው ቢያሸተው ምንም አይለው ይሆናል፤ እኔን ግን ወደ ጸሐፊነቴ ዘመን መለሰኝ። ያን ቀን ቀሚስ ልታስለካ የመጣች የአንዲት ሴትን ወገብ ሁለት ጊዜ ለክቼ ሁለቱንም ጊዜ ረሳሁት። ትዝታ የሚጽፉት ያረጁ ሰዎች ናቸው ይባላል። እኔ ገና ሠላሳ አልሞላኝም፤ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ቢሆንም ያ ዘመን በጣም ሩቅ ሆኖ ይታየኛል። ያኔ መካነ ሰላም ላይ ሻይ በሦስት ብር ይጠጣ ነበር ብል የዛሬ ልጆች ይስቁብኛል።

ከዓረብ አገር የተመለስኩት በዚያው ሰሞን ነው። ይዤ የመጣሁት ሁለት ሺቲ፣ አንድ ብርድ ልብስና በዘፈንና በመንዙማ የተሞላች ሚሞሪ ካርድ ነበር። ያኔ አስፋልቱ ጋ ካሉት ሱቆች በአንዱ ስልክሽን ሰጥተሽ፣ ቆመሽ ጠብቀሽ፣ ዘፈን ታስጭኛለሽ። ከከላላ ገበያ የሚመጡት ሴቶች ኮንጎ ጫማቸውን እንዳደረጉ፣ እንቁላላቸውን በጭድ መሐል ደብቀው፣ በሱቁ በር ላይ ሲያልፉ ዘፈኑን ለመስማት ቆም ይላሉ። ከአቀስታ በኩል የሚመጣው አውቶቡስ ጣሪያው ላይ ፍየል፣ ፍራሽና ድንች ጭኖ፣ አቧራ ለብሶ ሲገባ ከተማው ሁሉ ማን እንደወረደ ለማየት አንገቱን ያወጣል። እኔም ስወርድ እንደዚያ ታየሁ። ስታይ ደግሞ አልወድም። ሰው ሲያየኝ እጄን የት እንደማደርገው ይጠፋኛል፤ ድምፄ ጉሮሮዬ ውስጥ ይቀራል። አባትና እናቴ ቀደም ብለው ስለሞቱ የገባሁት አጎቴ ጋሼ እንድሪስ ቤት ነው።

ጋሼ እንድሪስ የእርሻ ባለሙያ ሆነው ከወግዲ እስከ ለጋምቦ በእግርና በበቅሎ ያልረገጡት ቀበሌ የለም። ጡረታ ከወጡ በኋላ ጊዜያቸውን የሰጡት ለፓርቲያቸው ነበር። የፓርቲውን ስም አልጽፍም፤ በአገር ደረጃ የሚታወቅ፣ እኛ ጋ ግን ከወፍጮ ቤት ጀርባ ሁለት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ፓርቲ ነበር። ወፍጮው ሲፈጭ የቢሮው ጠረጴዛ ይንቀጠቀጣል፤ ወረቀቱ ሁሉ ዱቄት ዱቄት ይላል። የቅርንጫፉ ሰብሳቢ እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ግን የግፊት ሕመም ነበረበት፤ የሩቁን ያያሉ፣ ፊደል ግን ይቀላቀልባቸዋል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ከፊታቸው አስቀምጠው ጋዜጣ ያስነብቡኛል። እኔ ስፈራ እሮጣለሁ፣ ያልተጻፈ ጨምሬ አነባለሁ። እሳቸው ጠረጴዛውን በጣታቸው መታ መታ ያደርጋሉ።

“ሰዓድዬ፣ ማን ነው ያባረረሽ? የተጻፈውን ብቻ አንብቢ። ካንቺ አትጨምሪ፣ ካንቺ አትቀንሺ።”

“እሺ ጋሼ።”

“ድምፅሽንም አውጪው። ጋዜጣው ሌባ አይደለም፣ ምን ያሾከሹክሻል?”

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ማንበብ ለመድኩ። ጽሕፈቴ ድሮም ደህና ስለነበር ጥቂት ወራት ቆይተው የቅርንጫፉ ጸሐፊ አደረጉኝ። ብዙ የሚያናግር ሥራ አይደለም። የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ ጠንካራ ሽፋን ባለው ትልቅ መዝገብ ላይ እጽፋለሁ፣ መጨረሻ ላይ አነበዋለሁ፣ እሳቸው ይፈርማሉ፣ እኔ እፈርማለሁ፣ ማህተሙን እመታለሁ። ያ የቀለም ሽታ ያን ጊዜ ነው እጄ ላይ የተጣባው። ዓረብ አገር ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ስሜን አስተካክሎ አልጠራኝም። እዚህ ግን “ጸሐፊዋ” እባላለሁ፤ በጋሼ ቤት የራሴ አልጋ አለኝ፤ ሰው ፊት መቀመጫዬ የታወቀ ነው። ይህን የምጽፈው ምን ሊቀርብኝ እንደነበር እንድታውቁልኝ ነው።

በዚያ ዓመት የፓርቲው ሊቀመንበር ታመው ከኃላፊነት ወረዱ። አዲስ መሪ መመረጥ ነበረበት። ሁለት ሰዎች ቀረቡ። አንደኛው ሁሉም ሰው “ኢንጂነሩ” ብሎ የሚጠራው ሰው ነው፤ ሁለተኛዋ ደግሞ በወጣትነቷ አቀስታ ያስተማረች፣ ኋላ አዲስ አበባ የገባች፣ እኛ “መምህርቷ” የምንላት ሴት ናት። የፓርቲው ደንብ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ አባላቱን ሰብስቦ በምስጢር ወረቀት ድምፅ እንዲሰጥ ያዛል። የቅርንጫፉ ድምፅ ታሽጎ ወደ ማዕከል ይሄዳል። ወረቀቶቹ በቡናማ ፖስታ ደርሰውን ነበር፤ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ። ጋሼ የኢንጂነሩ ሰው ነበሩ፤ አልደበቁትም። ኢንጂነሩ ከተመረጠ ጋሼን ማዕከላዊ ኮሚቴ እንደሚያስገባቸው በስልክ ነግሯቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን ለሌላ ሰው ሪፖርት ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ያን ስልክ ዘግተው ጋቢያቸውን ሲያስተካክሉ ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ ዛሬም ትዝ ይለኛል። ድሮ ለሰርጋቸው የተሰፋውን ኮት አስወጥተው በፀሐይ አሰጡት።

ጉባኤው የተጠራው በቅሬው አዳራሽ ነው። ቅሬ በእኛ አገር ሰው ሲሞት የሚቀብር፣ ሐዘንተኛ የሚያጽናና ማኅበር ነው። አዳራሹ የቆርቆሮ ነው፤ አግዳሚዎቹ እንደ ለቅሶ ቤት ትይዩ የተደረደሩ ናቸው። ሰው እዚያ ሲገባ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ልማድ ሆኖበት ነው። ረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሠላሳ አንድ አባላት ተሟልተን ነበር፤ ስም ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ቁጥሩን አልረሳውም፤ እኔም ከሠላሳ አንዱ አንዷ ነኝ። ከወግዲ በኩል አቶ ጌታነህ በቅሎአቸውን ጥድ ዛፍ ሥር አስረው፣ ነጠላቸውን በሁለት ወገን ጥለው መጡ። ገበሬ ናቸው፤ የሚናገሩት ጥቂት ነው። እትዬ ጦይባ ደግሞ ዳቦ ቤት ያላት፣ ማንንም የማትፈራ፣ የሣቅዋ ድምፅ ከራሷ ቀድሞ የሚገባ ሴት ነበረች።

ከማዕከል ታዛቢ መጥቶ ነበር፤ አቶ ብሩክ ይባላል። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ወጣት ነው፤ ሹል ጫማውን የእኛ ጭቃ ጨርሶታል። እትዬ ጦይባ ገና ሲገባ አየችውና፣

“ጌታው፣ ይኼን ጫማ ለሠርግዎ ያስቀምጡት፤ እኔ የባሌን ቦት ላውስዎት” አለችው።

“አመሰግናለሁ፣ ዛሬውኑ ስለምመለስ ችግር የለውም።”

“ዛሬውኑ? እንግዲያ እኛ ቶሎ ቶሎ እንመርጥልዎታለና!”

ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀ። ግን ሰዓቱን አየ። መኪናው ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ካልተነሳ ጉም ወርዶ መንገዱን እንደሚሸፍነው ነግረውታል።

በእኛ አገር ስብሰባ በዱአ ነው የሚከፈተው። ያለ ዱአ የተጀመረ ነገር መጀመሩ አይቆጠርም። ሽማግሌው ይመርቃሉ፤ ሰው ሁለት መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ “አሚን” ይላል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ይላል። ያን ቀን የሚመርቁት ሼህ ሰይድ ነበሩ፤ የቅሬው ታላቅ፣ የተናገሩት ነገር ወደ ኋላ የማይመለስ ሰው። ጋሼ እንድሪስ ዱአው ከመጀመሩ በፊት ጎንበስ ብለው በጆሯቸው አንድ ነገር ነገሯቸው። ኢንጂነሩ በዚያ ሳምንት የመኪና አደጋ ደርሶበት ሆስፒታል መተኛቱን ሁላችንም ሰምተን ነበር።

ሼህ ሰይድ ጀመሩ። ለዝናቡ መረቁ፣ ለአዝመራው መረቁ፣ በዓረብ አገር ለተበተኑት ልጆች መረቁ። ያን ጊዜ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ ቀጠሉና፣

“ያ በመኪና የተጎዳውን ልጃችንን፣ ኢንጂነሩን፣ አላህ ያሽረው” አሉ።

“አሚን!”

“ካልጋው ያንሳው፣ ወንበሩን ያቅናለት።”

“አሚን!”

አዳራሹ አስተጋባ። እጆች ሁሉ ተዘርግተዋል። እኔ እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ በልቤ አሚን አልኩ። ቀና ስል ግን አቶ ብሩክን ከኋላ ግድግዳው ጥግ ቆሞ አየሁት። በብዕሩ ጫፍ አየሩን እየነካካ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ምን እያደረገ እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም። ዱአው ሲያልቅ ፈጠን ብሎ ወደፊት መጣና፣ ሠላሳ አንዱም አባላት እጃቸውን አውጥተው ኢንጂነሩን በአንድ ድምፅ መደገፋቸውን በዓይኑ ስላየ እጅግ እንደኮራ ተናገረ። ሌላ ቅርንጫፍ ቀን ሙሉ የሚጨቃጨቅበትን እኛ በአምስት ደቂቃ እንደጨረስነው ነገረን። አጨበጨበ። ሰው ግራ ገባው። እንግዳ ሲያጨበጭብ ዝም ማለት ነውር ነውና አንዳንዱ አብሮ አጨበጨበ። እኔ ጋሼን አየኋቸው። ጋሼ ብርጭቋቸውን አንስተው ውኃ ጠጡ፤ “ምሳ እንብላና ቃለ ጉባኤው ይነበባል” አሉ።

ምሳ ላይ ሰው እንደ ለቅሶ ቤት በዝምታ በላ። እኔ አልበላሁም። መዝገቡን ይዤ ጥግ ተቀመጥኩ። ዱአ መደረጉን ጻፍኩ። አባላቱ አሚን ማለታቸውን ጻፍኩ። ከዚያ እጄ ቆመ። ጋሼ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ኮታቸው ፀሐይ ፀሐይ ይሸታል።

“ጨረስሽ?”

“ገና ነኝ ጋሼ።”

“አምስት መስመር ይበቃል። ‘አባላቱ በሙሉ ድምፅ ኢንጂነሩን መረጡ’ ብለሽ ዝጊው። ልጁ መንገደኛ ነው።”

“ወረቀቶቹስ ጋሼ?”

“የምን ወረቀት?”

“ድምፅ የሚሰጥባቸው፤ ፖስታው ውስጥ ያሉት።”

ወደ በሩ አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ሰዓዳ፣ ሰው አሚን ብሎ ከጨረሰ በኋላ ወረቀት ማደል ማለት የሼህ ሰይድን ዱአ ማፍረስ ነው። አንቺ ነሽ የምታፈርሺው?” ሰዓድዬ አላሉኝም። ሰዓዳ አሉኝ። ትከሻዬን መታ አድርገው ተነሱ። ጠረጴዛውን እንደሚመቱት ነበር የመቱኝ።

እሳቸው እንደሄዱ አቶ ጌታነህ ዱላቸውን እየተደገፉ መጡ። ጎንበስ ብለው መዝገቡን አዩ፤ ማንበብ ግን አይችሉም።

“ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጠዋት የመረጥነው ሰው አለ እንዴ?”

“እርስዎስ ምን አሉ አቶ ጌታነህ?”

“እኔማ የታመመ ሰው ይዳን ተባለ፣ እጄን ዘረጋሁ። ጠላቴም ቢታመም እዘረጋለሁ። ድምፄን ልሰጥ የመጣሁት ለመምህርቷ ነው። ልጄን አስተምራልኛለች።”

“ታዲያ ለምን አይናገሩም?”

ቀና ብለው ሼህ ሰይድን አዩ። ሼሁ መቁጠሪያቸውን ይዘው አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። “እሳቸው ፊት? አሚን ያልኩበትን አፌን መልሼ አላልኩም ልበል? ነገ ልጄ ቢታመም ማን ይመርቅልኛል?” አሉና ሄዱ። ከእሳቸው በኋላ ሌሎችም ሲያልፉ ዓይናቸው መዝገቡ ላይ ያርፍና ይሸሻል። ሁሉም የሆነውን ያውቃል፤ የሚናገር ግን የለም። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም። አሚንን መልሶ መዋጥ በእኛ ዘንድ ከውሸት ይከብዳል።

በዚያ ሰዓት በረዶ መጣ። የመካነ ሰላምን በረዶ በቆርቆሮ ሥር ሆኖ የሰማ ያውቀዋል፤ ሰው ጎረቤቱን አይሰማም። ያ ጩኸት ባይቆም ብዬ ተመኘሁ። በረዶው ካልቆመ ቃለ ጉባኤው አይነበብም፣ ካልተነበበ ደግሞ እኔ አልጠየቅም። መስመሩን ባዶ ተውኩት። ጋሼ ያሉኝን ልጽፍ ሁለት ጊዜ እስክሪብቶውን አስጠጋሁት። እጽፈዋለሁ፣ ምን ይመጣል? አልጋዬ፣ ስሜ፣ ጋሼ፣ ሁሉም በቦታው ይቆያል። እላለሁና ደግሞ የእኚያ ገበሬ ፊት ይመጣብኛል። በቅሎአቸውን ከወግዲ ድረስ የነዱት ድምፅ ለመስጠት ነው፤ ድምፃቸው ግን በእኔ ጽሕፈት ሊወሰድ ነው። አንብበው በማያጣሩት ጽሕፈት።

በረዶው ቆመ። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ሆኗል።

“ጸሐፊዋ፣ አንብቢልን” አሉ ጋሼ።

ተነሳሁ። ጉልበቴ ከአግዳሚው ጋር ተጋጨ። ነጠላዬ ከራሴ ወረደ፣ መለስኩት፣ እንደገና ወረደ፣ ተውኩት። ቀኑን አነበብኩ። የተገኙትን ስም አነበብኩ። ዱአውን አነበብኩ። “አባላቱ መዳፋቸውን ዘርግተው አሚን አሉ” የሚለውን አነበብኩና ወደ ባዶው መስመር ደረስኩ። ባዶ መስመር እንዴት ይነበባል? ዓይኔን ከመዝገቡ አላነሳሁም። ካነሳሁ ጋሼን አያለሁ።

“ድምፅ አልተሰጠም” አልኩ።

ድምፄ ቀጭን ነበር፣ ግን ተሰምቷል። በሕይወቴ ያልተጻፈ ነገር እንደተጻፈ አድርጌ ሳነብ ጋሼ ሳያርሙኝ የቀሩት ያን ቀን ነው።

አቶ ብሩክ ቀድሞ ተናገረ። “ይቅርታ እህቴ፣ ስህተት አለ። እኔ ራሴ ቆጥሬያለሁ። ሠላሳ አንድ እጅ።”

“ሠላሳ አንድ ሊሆን አይችልም” አልኩ፤ አሁንም መዝገቡን እያየሁ። “እኔ ከሠላሳ አንዱ አንዷ ነኝ፤ እጄ እስክሪብቶ ይዞ ነበር።”

“ታዲያ ሠላሳ አንደኛው የማን እጅ ነው?”

ሁሉም ዞረ። የአዳራሹ ዘበኛ፣ አባል ያልሆኑት ሽማግሌ፣ በሩ ላይ ቆመው ነበር። “እኔ ነኝ ጌታዬ” አሉ ደንግጠው። “ዱአ ሲደረግ ዝም ብዬ ልቁም እንዴ?”

እትዬ ጦይባ ፈነዳች። “ውይ በሞትኩት! ዘበኛውም መረጠ! ጌታው፣ እኛ እጅ አላወጣንም፤ እጅ ዘረጋን። ድመት አልፋ ቢሆን እሷንም ይቆጥሯት ነበር!” አዳራሹ ሁሉ ሳቀ፤ ግን ሳቁ ቶሎ ሞተ። ሰው ሁሉ ወደ ሼህ ሰይድ ዞሮ ነበር።

ሼህ ሰይድ መቁጠሪያቸውን ቀስ ብለው አጠፉ። “እኔ ሰው ሾምኩ እንዴ?” አሉ። “ታማሚ አለና ይመርቁለት ተባልኩ፣ መረቅኩ። አሚናችሁ ለሽረቱ ነው፣ እሱ አይፈርስም፤ አላህ ተቀብሎታል። ምርጫ ሌላ ሐጃ፣ ሌላ ጉዳይ ነው። የመጣችሁበትን ሥሩ፣ አብሽሩ።” ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ “አንቺ የማን ልጅ ነሽ?” አሉኝ። ያውቁኛል። ግን ጠየቁኝ።

“የጋሼ እንድሪስ” አልኩ። አባቴን መጥራት ነበረብኝ፤ ከአፌ የወጣው ግን እሱ ነው።

ወረቀቶቹን ከፖስታው አውጥቼ አደልኩ። ሰው በየጥጉ ዞሮ፣ በነጠላና በጋቢ ተከልሎ ምልክት አደረገ። ማንበብ የማይችሉት እንዲለዩ ለኢንጂነሩ ክብ፣ ለመምህርቷ ሦስት ማዕዘን ታትሞ ነበር። አቶ ብሩክ እየቆጠረ እኔ ጻፍኩ። አሥራ አራት ለኢንጂነሩ፣ አሥራ ሰባት ለመምህርቷ። ጋሼ በኮታቸው ቁልፍ ይጫወቱ ነበር፤ ቁልፉ ተበጥሶ መሬት ወደቀ፤ አላነሱትም። መዝገቡን ሳቀርብላቸው፣

“ይኼን ገጽ እኔ አልፈርምም” አሉና ወጡ።

እኔ ፈረምኩ። አቶ ብሩክ ፈረመ፤ ሲፈርም “ይቅርታ፣ በእኛ ሰፈር እጅ የሚወጣው ለድምፅ ነው” አለኝ። ማህተሙን መታሁ። የሰብሳቢው መስመር ባዶ ቀረ። ያን ቁልፍ አንስቼ ለብዙ ጊዜ ከመርፌዎቼ ጋር አስቀምጬዋለሁ።

በአገር ደረጃ ያሸነፈው ኢንጂነሩ ነው። ድኖ፣ በምርኩዝ መድረክ ላይ ወጥቶ ሲናገር በሬዲዮ ሰማነው። የገዛ ቅርንጫፉ ያልተከተለውን ሰብሳቢ ግን ማን ይፈልጋል? ለጋሼ የሚደወለው ስልክ ቆመ። ኮቱ ወደ ሣጥን ተመለሰ። አላባረሩኝም፤ ክፉ ቃልም አልተናገሩኝም። የተናገሩኝ እንዲያውም ምንም የለም። ከሰዓት በኋላ ጋዜጣውን ይዤ ስቀመጥ “ዛሬ ዓይኔን አሞኛል” ይላሉ። እንዳላነብላቸው ነው፤ ድሮም የማነብላቸው ግን ዓይናቸውን ስለሚያማቸው ነበር። ሦስት ወር በዚህ ዓይነት ከቆየሁ በኋላ ዕቃዬን ይዤ ወጣሁ። እትዬ ጦይባ ከዳቦ ቤቷ ጀርባ ያለችውን ክፍል አከራየችኝ፤ ዓረብ አገር የተማርኩትን ስፌት ያዝኩ። ዓርብ ዓርብ ዳቦ ይዤ ጋሼ ቤት እሄዳለሁ፤ ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ ስለ ዝናቡ እናወራለን። ዓመታት በዚህ ሄዱ። የወፍጮ ቤቱ ጀርባ ዛሬ የሞባይል ጥገና ሆኗል። ሚሞሪ ካርዷም ጠፋች። የጋሼ ዓይን ጨርሶ ሄደ።

ባለፈው ዓርብ እንደ ልማዴ ሄድኩ። ሬዲዮው ይናገር ነበር፤ ፓርቲው እንደገና አዲስ መሪ ሊመርጥ ነው። ዳቦውን ሳቀብላቸው እጄን ያዙትና አልለቀቁም።

“ምን ነክተሽ ነው? ማህተም ማህተም ትሸቺያለሽ።”

“መታወቂያ አሳድሼ ነው ጋሼ። አልለቅ አለኝ።”

ሬዲዮውን በዳበሳ ዘጉት። “ከአልጋው ሥር ሣጥኑን ሳቢው” አሉ። ኮቱ ሥር መዝገቡ ነበር። ቢሮው ሲዘጋ የጠፋ መስሎኝ ነበር። “ያን ገጽ አንብቢልኝ” አሉ። የትኛውን ብዬ አልጠየቅኩም። አነበብኩላቸው። ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር፤ አልመታም። “ድምፅ አልተሰጠም” የሚለው ላይ ስደርስ፣ በባዶው መስመር ላይ በኋላ የጻፍኩት ስለሆነ ከሌላው ቀለም ይጠቁራል፣ እጃቸውን አነሱ።

“ያ ልጅ ሲቆጥር አይቼዋለሁ” አሉ። “ያኔ የሩቁን አያለሁ። ‘ወንበሩንም ይመርቁለት’ ብዬ ለሼሁ የነገርኳቸውም እኔ ነኝ። ለማሳሳት አልነበረም፣ ወላሂ። ሲሳሳት ግን ዝም አልኩ። አንቺስ? ይኼን ሁሉ ዘመን ሳልጠይቅሽ። ወረቀትሽን ለመምህርቷ እንደሰጠሽ አውቃለሁ፤ አልቀየምኩሽም።”

መዝገቡን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

“ክቡ ላይ ነው ያደረግኩት ጋሼ።”

“ለኢንጂነሩ?”

“ለእርስዎ።”

ውጪ የእትዬ ጦይባ ሣቅ ይሰማል፤ ከሰው ጋር ትከራከር ነበር። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። “እስክሪብቶ ስጪኝ። ቦታውን አሳዪኝ።”

መዝገቡን ጉልበታቸው ላይ አደረግኩት፤ ጣታቸውን ይዤ የሰብሳቢው መስመር መነሻ ላይ አስቀመጥኩላቸው። እንደ ድሮው ረጅምና ጅራታም አድርገው ፈረሙ። እጃቸው ግን ከመነሻው አምልጦ ወደ ላይ ወጣ፣ የኔን ስም አቋርጦ የማህተሙ ክብ ውስጥ ገባ።

“የት ጋ ወደቀ?” አሉኝ።

“መስመሩ ላይ ነው ጋሼ” አልኳቸው፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ።